እረኝነትን ሸሽቼ መጥቼ፣ ልጄን መልሼ ሜዳ ልላከው?

ጥያቄ፦

«እንደምን ከረሙ። የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ኩታበር ገጠር ውስጥ ነው። እስከ አሥር ዓመቴ በግ ጠብቄያለሁ። ትምህርት የጀመርኩት ከእኩዮቼ ዘግይቼ ነው። ዛሬ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ ሹፌር ነው፤ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ሁለት ልጆች አሉን፤ ወንዱ 9 ዓመቱ፣ ሴቷ 6። ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በር እዘጋና ስልክ ወይ ቴሌቪዥን እከፍትላቸዋለሁ።

ለፋሲካ እናቴ ዘንድ ሄድን። ልጄ ጭቃ መርገጥ ፈራ። በግ ሲጠጋው አለቀሰ። እኩያው የሆነው የእህቴ ልጅ ወይራ ላይ ወጥቶ ሲጠራው፣ እሱ ቀሚሴን ይዞ ቆመ። እናቴ ‹ይህን ልጅ አፈር ሳታስነኪው አሳደግሽው› አለችኝ። በጣም ከፋኝ። እኔ እኮ የለፋሁት ልጄ እንደኔ እንዳይሆን ነው።

ከተመለስን በኋላ እስቲ ብዬ ግቢ ውስጥ ለቀቅኩት። ከድንጋይ ካብ ላይ ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ። ባለቤቴም ‹ዘመኑ ክፉ ነው፣ ልጅ ቤት ይደግ› አለ። አሁን ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው። ክረምቱን ሙሉ ልቆልፍባቸው ወይስ ልልቀቃቸው? አንድ ነገር ቢሆኑብኝስ? የትስ ልውሰዳቸው? ሴቷንስ?»

የሁለት ልጆች እናት፣ ደሴ

መልስ፦

አብሽሪ እህቴ። ጥያቄዎችሽን ሁሉ እመልሳለሁ። በመጀመሪያ ግን የእናትሽን ንግግር ላንሳ። ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነብ ከጉልበቱ መላጥ ይልቅ ያመመሽ እሱ እንደሆነ ገባኝ።

እረኝነት የወሰደብሽን አላሳንስም። በኩታበር ደጋ፣ በሐምሌ ጉም ውስጥ፣ የረጠበ ልብስ ለብሶ በግ ሲያግዱ መዋል ጨዋታ አይደለም። አንድ በግ ጠፍቶ ማታ ወደ ቤት መግባት ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ። ልጅ ሆነሽ የትልቅ ሰው ሥራ ሠርተሻል። ትምህርትሽም በዚያ ምክንያት ዘግይቷል። ልጄ ይህን እንዳያይ ማለትሽ ትክክል ነው። ማንም ሊያሳፍርሽ አይገባም፣ እናትሽም ቢሆኑ።

ግን ከዚያው ሜዳ ይዘሽው የመጣሽው ሌላ ነገር አለ። ደመናው በየት በኩል ሲጠቁር ዝናብ እንደሚደርስ ታውቂያለሽ። የትኛው ድንጋይ እንደሚያዳልጥ ሳታስቢው እግርሽ ይመርጣል። ቀጋና እንጆሪ የት እንደሚገኝ፣ ሳማ የት እንደሚበቅል፣ የትኛው ቅርንጫፍ ሰው እንደሚሸከም ማንም ሰሌዳ ላይ ጽፎ አላስተማረሽም። ከሌሎቹ እረኞች ጋር ስትጫወቱ ሕጉን የምታወጡት ራሳችሁ ነበራችሁ። ስትጣሉም ራሳችሁ ትታረቁ ነበር። ከትውልድ ቀዬሽ ወጥተሽ፣ ተምረሽ፣ ሥራ ይዘሽ እስከዛሬ የደረስሽበት ጥንካሬ ሁሉ ከክፍል ውስጥ ብቻ የመጣ አይመስለኝም።

እኔ ልዩነቱን የማየው እዚህ ላይ ነው። ሥራ ሲሆን የሚጀመረውም የሚያበቃውም በሌላ ሰው ትእዛዝ ነው። ጨዋታ ሲሆን ልጁ ራሱ ይጀምራል፣ ሲበቃው ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም ሁለቱን ለይቶ አስቀምጧል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላዋለች። አንቀጽ 31 ልጅ የማረፍና የመጫወት መብት አለው ይላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 32 ደግሞ ትምህርቱን ከሚያደናቅፍ ሥራ ይጠበቅ ይላል። አንቺ በልጅነትሽ የቀረብሽ 32ኛው ነው። እሱን ለልጅሽ አሟልተሽለታል። አሁን የቀረው 31ኛው ነው።

ስለዚህ ለዋናው ጥያቄሽ መልሴ አጭር ነው፤ አትቆልፊባቸው። እንዴት እንደምትለቂያቸው ግን ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ።

አንድ ታሪክ ልጥቀስልሽ። ካርል ቴዎዶር ሶረንሰን የሚባል የዴንማርክ የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያ ነበር። ብዙ የተዋቡ የልጆች መጫወቻዎች ሠርቷል። ሲያያቸው ግን ልጆቹ እሱ የሠራውን መጫወቻ ትተው ግንባታ ወደሚካሄድበት ቦታ እየሄዱ በጣውላ ስብርባሪ፣ በጡብና በአፈር ቁልል ይጫወታሉ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣለት። እ.ኤ.አ. በ1943፣ አገሩ በጀርመን ጦር ተይዛ እያለች፣ ኮፐንሃገን ዳር ኤምድሩፕ በሚባል ሰፈር አጥር ያለው ባዶ ቦታ ተዘጋጀ። ውስጡ እንጨት፣ ገመድ፣ ጎማ፣ መዶሻና ምስማር ተቀመጠ። አንድ ትልቅ ሰው ከጎን ይሆናል። ጎጆውን የሚሠሩት፣ የሚያፈርሱት፣ ጉድጓዱን የሚቆፍሩት ልጆቹ ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ ሐሳቡ ወደ እንግሊዝና ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ እዚያው ዴንማርክ ውስጥ ኤላ ፍላታው የተባለች እናት የራሷንና የጎረቤት ልጆችን በየቀኑ ጫካ እየወሰደች ማዋል ጀመረች። ዛሬ በሰሜን አውሮፓ ዝናብ ሆነ ብርድ ውጭ የሚውሉ ብዙ መዋዕለ ሕፃናት አሉ።

ይህን የነገርኩሽ እነሱን ምሰይ ልልሽ አይደለም። ሶረንሰን አስቦ ያዘጋጀው የጎማና የእንጨት ክምር እኛ ዘንድ በየግቢው ጥግ ወድቋል። ዋናው ትምህርት የአዋቂው ቦታ ነው። እዚያ ያለው ትልቅ ሰው አይመራም፤ ጥሎም አይሄድም።

ኤለን ሳንድሴተር የምትባል የኖርዌይ ተመራማሪ ደግሞ ልጆች በጨዋታ የሚፈልጉትን ደፋርነት በስድስት ከፍላዋለች። ከፍታ፣ ፍጥነት፣ ስለታም መሣሪያ፣ እንደ እሳትና ውሃ ያለ ኃይለኛ ነገር፣ ትግል፣ እንዲሁም ከአዋቂ ዓይን መሰወር። እስቲ የራስሽን ልጅነት አስቢው። ወይራ ላይ መውጣት፣ ቁልቁለት መሮጥ፣ ጩቤ ይዞ እንጨት መቅረጽ፣ እሸት መጥበስ፣ ግብግብ፣ ድብብቆሽ። አንዱም አይቀርም። ልጅ በየትም አገር እነዚህን ይፈልጋል። በር ሲዘጋበት ፍላጎቱ አይጠፋም። ስልኩ ውስጥ የሚዘለውና የሚሮጠው ሰው እኮ የልጅሽ ምትክ ሆኖ ነው የሚሮጠው።

የጤናውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ይላል። ለዓይንም ቢሆን ውጭ መዋል ይጠቅማል። በቻይና ጓንግዡ ከተማ በ12 ትምህርት ቤቶች የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። በግማሾቹ ትምህርት ቤቶች ያሉ አንደኛ ክፍሎች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨምሮላቸው ውጭ ቆዩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከእነሱ መካከል ሩቅ ያለውን አጥርቶ ያለማየት ችግር የያዛቸው 30 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ካልተጨመረላቸው ልጆች ግን 40 በመቶ ገደማ። ፀሐይ ለአጥንት ያላትን ጥቅም ደግሞ እናትሽ ሕፃን ልጅ ጠዋት ጠዋት ሲያሞቁ የኖሩበት ነው።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ። «አንድ ነገር ቢሆኑስ?» ብለሻል። ይህ ጥያቄ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ተራራ ያክላል፤ ሲፈታ ግን መልክ ይይዛል። እኔ አደጋን ለሁለት እከፍለዋለሁ። አንዱ ልጁ ራሱ የሚያየውና የሚመዝነው ነው፤ የዛፍ ከፍታ፣ የካብ ጫፍ፣ የሚያዳልጥ መሬት። ሌላው ልጁ ሊያየው የማይችለው ነው፤ የበሰበሰ ቅርንጫፍ፣ መርዛማ ፍሬ፣ ከላይ የሚመጣ ጎርፍ። የመጀመሪያውን ለእሱ ተዪለት፤ መመዘን የሚለምደው እየመዘነ ነው። ሁለተኛው ያንቺ ሥራ ነው። ልጆቹ ከመድረሳቸው በፊት ቦታውን ዞረሽ እዪ። ሹል ብረት፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ ክፍት ጉድጓድ፣ የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ አስወግጂ ወይም ቦታ ቀይሪ። ከዚያ አረፍ ብለሽ ተቀመጪ።

ስለ መውጣትና መውደቅ ትንሽ ልቆይ። ልጁን ዛፍ ላይ አንስተሽ አታውጪው። ራሱ መውጣት ያቃተው ከፍታ ገና የእሱ አይደለም። ራሱ የወጣ ልጅ መውረዱንም አብዛኛውን ጊዜ ያውቅበታል። መጀመሪያ ከራስሽ ቁመት በማይበልጥ ከፍታ ይለማመድ። ከሥሩ ድንጋይ ካለ አንሺ። እርጥብ ሲሆን ይቆይ፤ የረጠበ ቅርፊት ያዳልጣል። እሱ ላይ ሆኖ አንቺ ከታች «ትወድቃለህ!» ብለሽ ከጮህሽ ዓይኑ ከቅርንጫፉ ተነስቶ ወደ አንቺ ይዞራል። በዚያች ቅጽበት ነው የሚወድቀው። በጸጥታ ጠይቂው። «ቀኝ እግርህን የት ልታደርገው ነው?» «ያ ቅርንጫፍ ደረቅ ነው እርጥብ?» «ለመውረድ በየት ትመጣለህ?» እንዲህ ስትጠይቂው ማሰቡን ለእሱ ትተሽለታል። የተላጠ ጉልበት በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ ይድናል። ምስማር ወይም ዝገት የወጋው ከሆነ ግን ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን ይዩለት።

ውሃን በተመለከተ ግን ጥብቅ ሁኚ። እዚህ ላይ ልጁ ይመዝነው አልልሽም። የቦርከና ወንዝ በበጋ ቁርጭምጭሚት የማይሸፍን ይመስላል። ክረምት ላይ ግን ተራራው ላይ ሲዘንብ፣ እታች ፀሐይ እያለች እንኳ ደራሽ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። በወንዝ መውረጃ ውስጥ በክረምት ጨዋታ የለም። ከተማ ውስጥ ሲያልፍ ደግሞ ቆሻሻ ይጣልበታል፤ ስለዚህ በበጋም እጅና እግር አይነከርበትም። ሌላው ቢልሃርዚያ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ሲወረድ ባለው ቆላማ ወሎ ከጥንት የታወቀ በሽታ ነው። ትሉ በቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና ቀስ ብሎ በሚሄድ ወይም በቆመ ውሃ ውስጥ በልጁ ቆዳ በኩል ይገባል። በዚያ በኩል ከሄዳችሁ ውሃ ውስጥ አይግቡ። ገብተው ከነበረ ጤና ጣቢያ ይመርመሩ፤ መድኃኒት አለው።

ይህን ካነሳሁ አንድ ነገር ለልጅሽ ንገሪልኝ። እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ ለማ የተባለ ወጣት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ዓድዋ አካባቢ ቢልሃርዚያን ሲያጠና ወንዝ ዳር ቆሞ አየ። ሰዎች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዙ። «ለምን?» ብሎ ጠየቀ። እንዶድ በሽታውን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያወቅነው እንዲህ ነው። ከዚያ ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዓመታት ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት አገኙ። እናትሽ ዘንድ አጥር ሥር የበቀለ እንዶድ ካለ ለልጁ አሳዪው። ይንካው ግን አይቅመሰው።

ከእሱ ጋር የሚሄድ አንድ ሕግ አለ። እናቱ ወይም አያቱ ስሙን ያልነገሩትን ፍሬ አይበላም። አንቺ እንጆሪን፣ ቀጋን፣ አጋምን፣ ኮሽምን ታውቂያለሽ። የማይበሉትንም አሳዪያቸው። ጉሎ ፍሬው ያምራል፤ መርዝ ነው። አስተናግር፣ አንዳንዱ አጤ ፋሪስ የሚለው፣ በየመንገዱ ዳር ይበቅላል፤ ልጅን አእምሮውን ያስታል፣ ሊገድልም ይችላል። እምቧይ ለጨዋታ ኳስ ይሆናል እንጂ ለአፍ አይሆንም። የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ እንዳይገባ። ልጅ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አይዝም። በአንድ ጉዞ ሁለት ተክል ይበቃል።

መብረቅም አለ። በክረምት ደመናው የሚከብደው ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጠዋት ውጡ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ጨዋታው ያበቃል፤ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ፈጽሞ አይሆንም።

ውሻ ከነከሰው ወይም ከቧጨረው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢው። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰጂው። ውሻው ሰላማዊ ይመስላል ብለሽ አትጠብቂ። ጠበልም ይወሰድ፣ ጸሎትም ይደረግ፤ ክትባቱ ግን ለነገ አይባልም።

አሁን ደግሞ በእኛ ወሎ ዝም ብዬ ማለፍ የማልችለው አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳርሶ አልፏል። ጦርነት ባለፈበት ሜዳ ያልፈነዳ ተተኳሽ ሊኖር ይችላል። ለልጆችሽ ደጋግመሽ ንገሪያቸው። የማያውቁትን ብረት አይነኩም። ድንጋይም አይወረውሩበትም። በመጡበት ዱካ ተመልሰው ለትልቅ ሰው ይናገራሉ። ይህን ሦስት ጊዜ አስደግሚያቸው። ከዚህ የተነሳም ሰው የማይሄድበትን ሥርቻ ትታችሁ፣ ከብት የሚሰማራበትንና ሰው የሚመላለስበትን ቦታ ምረጡ። የአካባቢው ጸጥታ ስለሚለዋወጥ ከከተማ ርቃችሁ ከመሄዳችሁ በፊት እዚያው የሚኖር ሰው ጠይቂ። ባለቤትሽ «ዘመኑ ክፉ ነው» ያለው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። የእሱን ስጋት አክብሪው፤ ግን መልሱ መቆለፍ ብቻ እንዳልሆነ አስረጂው።

ሰው የሚያደርሰውን ጉዳት በተመለከተ፣ ልጆች ብቻቸውን ከሚወጡ በቡድን ይውጡ። ቡና የምትጣጪያቸው ጎረቤቶች አሉሽ። አራት እናቶች ተራ ብትገቡ አንዷ ልጆቹን ታያለች፣ ሦስቱ ሥራቸውን ይሠራሉ። ልጆቹ ስትጣሩ የምትሰሙበት ርቀት ውስጥ ይሁኑ። ሁለቱም ልጆችሽ ማንም ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ ገላቸውን ያለ አግባብ ቢነካ ወይም «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» ቢል ወዲያው እንዲነግሩሽ አስተምሪያቸው። ሲነግሩሽ ደግሞ አትቆጪ።

የት ልውሰዳቸው ላልሽው፣ ከግቢው ጀምሪ። አከራዮችሽን አስፈቅደሽ አንድ ጥግ ለልጆቹ ይሁን። ትንሽ የአፈር ቁልል፣ አሮጌ ጎማ፣ ጥቂት ጣውላ፣ ገመድ፣ ማዳበሪያ ከረጢት፣ ባልዲ። ምን እንደሚሠሩበት አትንገሪያቸው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት «ሰለቸን» ይላሉ። ስልክ መልመድ ያመጣው ነው፤ ያልፋል። ያኔ ስልኩን መልሰሽ እንዳትሰጫቸው። ዝናብ ሲዘንብ ቦይ ይቅደዱ፣ ግድብ ይሥሩ። ቦቲ ጫማ ይበቃቸዋል፤ ጭቃው ይታጠባል።

ቀጥሎ የጦሳ ተራራ ሥር አለ። ደሴ ሆኖ ጦሳን በመስኮት ብቻ ማየት ይቆጫል። ሰው በሚመላለስበት በኩል፣ ጠዋት፣ ግማሽ መንገድ ድረስ ይበቃል። ከላይ ሆኖ የራሱን ትምህርት ቤት ጣራ ይፈልግ። ቤት ሲመለስ የሄዳችሁበትን መንገድ በወረቀት ይሳለው። ካርታ የሚጀመረው እንዲህ ነው።

ሐይቅ ከተማ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የውሃ ወፎቹን ለማየት ማለፊያ ቦታ ነው። ግን ሐይቁ ጥልቅ ነው፤ መሀሉ 80 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከዳር ሆነው ይዩ። ኮምቦልቻ ዘመድ ካላችሁ የጎፍ ደን አጠገባቸው ነው፤ ጥድና ወይራ እዚያ ይታያል።

ጉዞው ራሱም ትምህርት አለው። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። በሐረጎ ጠመዝማዛ ሲወርዱ ልጁ ጃኬቱን የት ላይ እንደሚያወልቅ ይመልከት። አየር በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይለዋወጣል። በሁለቱ ከተሞች መካከል አራት ዲግሪ ገደማ ልዩነት ማለት ነው። ሂሳቡን ራሱ ያውጣው። ማሽላው የት ጀመረ? ገብሱ የት ቀረ? ደጋና ወይና ደጋን በመጽሐፍ ከሚያጠናው ይልቅ በቆዳው ይዞት ይመለሳል።

ግቢ ውስጥም እንዲህ ያለ ነገር ይቻላል። ቀጥ ያለ የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ አናቱን ቁረጡና ገልብጣችሁ እንደ ማንቆርቆሪያ አፉ ላይ ክተቱት። ታቹ ጎርበጥ የሚል ከሆነ በጠጠር ሙሉትና እስከ አንድ ምልክት ድረስ ውሃ ጨምሩበት፤ መለካት የምትጀምሩት ከዚያ ምልክት ነው። ከጣራ ፍሳሽ ርቆ ይቀመጥ። ሁልጊዜ ጠዋት በማስመሪያ ስንት ሚሊ ሜትር እንደዘነበ ይለካ፣ ደብተር ላይ ይጻፍ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። የግቢው ጣራ ስንት ካሬ ሜትር ነው? ስንት ጀሪካን ይሞላ ነበር? መስከረም ሲጠባ ሦስተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ በእጁ ጽፎ ይዞ ክፍል ይገባል።

ነሐሴ ላይ ቡሄ ይመጣል። ጅራፉን ገዝተሽ አትስጪው። ልጥ ወይም ቃጫ ይፈልግ፣ ትልልቆቹ ልጆች ሲገምዱ አይቶ ይግመድ። ሲያጮህ ግን ማንም አጠገቡ አይቁም፤ ጫፉ ዓይን ያጠፋል። ሆያ ሆዬውን ከሰፈር ልጆች ጋር ይውጣ። ግጥም የሚይዘው፣ ድምፅ የሚያወጣው፣ የተሰበሰበውን በፍትሐዊነት የሚካፈለው እዚያ ነው።

የሴቷ ነገር ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ያው ነው። ወንድሟ የወጣበት ዛፍ ላይ ትውጣ። ከቀሚሷ ሥር ሱሪ አልብሻት፤ ቀሚሷ እንዳያስራት። «ሴት ልጅ ዛፍ አይወጣም» የሚሉሽ ይኖራሉ። አንቺ ራስሽ ስትወጪ ያደግሽ ነሽና መልሱ ካንቺ አይጠፋም። ስድስት ዓመቷ ስለሆነ ከእሱ ይልቅ ቀረብ ብለሽ ጠብቂያት፤ ምክንያቱ ግን ዕድሜዋ ይሁን፣ ሴትነቷ አይሁን። አብረው ሲጫወቱ ሁልጊዜ እሱ አዛዥ፣ እሷ ተላላኪ እንዳይሆኑም አስተውይ።

ባለቤትሽን በክርክር አታሸንፊው። ለእሱ አንድ ሥራ ስጪው። ሹፌር ነው፤ መኪና ውስጥ ቢላዋ፣ ገመድ፣ መፍቻ የሚይዝ ሰው ነው። ዕረፍት ባገኘበት ቀን ልጁን ገመድ መቋጠር ያስተምረው። ቀጥሎ እንጨት መቅረጽ፤ ተቀምጦ፣ ስለቱን ከራሱ ወደ ውጭ እያደረገ፣ አባቱ አጠገቡ ሆኖ። ልጁ እጁ ሲጠነክር ያየ አባት ስጋቱ ይቀንስለታል።

ለልጅሽም ጊዜ ስጪው። ጭቃ የፈራው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ስላላወቀው ነው። የአክስቱ ልጅ እያለ አታወዳድሪው። በግ እንዲነካ አታስገድጂው። ከሩቅ ይይ፣ ጨው ይስጥ፣ በራሱ ጊዜ ይጠጋ።

ከዚያ ነሐሴ ጋብ ሲል ወይም ጳጉሜን ላይ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን አረጋግጠሽ፣ ለጥቂት ቀናት ወደ እናትሽ ይዘሻቸው ሂጂ። ከመሄድሽ በፊት ግን ለእናትሽ በግልጽ ንገሪያቸው። «እማዬ፣ ልጆቼ ከአንቺ ብዙ ይማራሉ። በግ ማገድ ቢፈልጉ ከአክስታቸው ልጅ ጋር ይዋሉ፤ ካልፈለጉ ግን እንዳይታዘዙብኝ። ትምህርት ሲከፈት ደግሞ በጊዜ ይመለሳሉ» በያቸው። ያኔ ቅር ቢላቸው እንኳ ከሄዱ በኋላ ከምትጋጩ አስቀድሞ መነጋገሩ ይሻላል። እሳቸውን ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ጠዋት ጠዋት ልጆቹን በአጥሩ ዙሪያ እያዞሩ የየተክሉን ስምና ጥቅም ይንገሯቸው፤ ትልቁ ልጅሽም በደብተሩ ይጻፈው።